ምዕራፍ 4፦ የአልጋው ጠርዝ

«ትናንት የተቀደደ ሰው ዛሬ ተነሥ ይባላል? ኧረ እግዚአብሔርን ፍሩ!»

እንዲህ ያለችን የአዛውንቱ ልጅ ናት። የአባቷን ጋቢ እስከ አገጫቸው ስባ ሸፍናቸዋለች፤ በአንድ እጇ የአጥሚት ፔርሙስ ይዛለች፣ ሌላው እጇ አባቷ ክንድ ላይ ነው። ሰውየው ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው የጭን አጥንታቸው አንገት ተሰብሮ፣ የተሰበረው ወጥቶ በብረት ተተክቶላቸዋል። እኔ ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ነጭ ጋውኔ ገና ከእጥፋቱ አልተላቀቀም። የዳሌ ስብራት ሲባል የጡንቻውን ስም፣ የነርቩን መነሻ፣ የመጋጠሚያውን ዲግሪ በቃሌ እወጣዋለሁ። ያን ጋቢ እንዴት አስፈቅጄ እንደምገልጠው ግን ማንም አላስተማረኝም።

አብረውኝ የገቡት ነባር ፊዚዮቴራፒስት ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ለልጅቱ መልስ አልሰጡም። ጎንበስ ብለው አዛውንቱን ሰላም አሉ፤ አገራቸው የት እንደሆነ ጠየቁ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ገመዱን ቁጠሪ» አሉኝ።

«የቱን ገመድ?»

«ከሰውየው ላይ የሚወጣውን ሁሉ።»

ቆጠርኩ። ግሉኮስ በግራ እጅ። ኦክስጅን በአፍንጫ። የሽንት ካቴተር፣ ከረጢቱ በአልጋው ማዶ ተንጠልጥሏል። «ሦስት» አልኩ። ጋሼ አንሶላውን ገለጥ አድርገው ከፋሻው ሥር የሚወጣ ቀጭን ቱቦ አሳዩኝ፤ ከቁስሉ ደም የሚያወጣው ድሬን ነው። በሦስት ብዬ አንሥቻቸው ቢሆን ኖሮ አራተኛው ከነስፌቱ ተጎትቶ ይወጣ ነበር።

ሰው ፊዚዮቴራፒስት ሲባል ወገብ የሚያሽ ወይም የኳስ ተጫዋች ጉልበት የሚጠግን ይመስለዋል። ዋርድ ውስጥ «ማሳጅ የምታደርገዋ ልጅ» ሲሉኝ ኖረዋል፤ «ዘመናዊ ወጌሻ» ያሉኝም አሉ። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። አሁን አያናድደኝም፤ ወጌሻ ቢያንስ በሽተኛውን በእጁ ይነካል። ሆኖም በተመላላሽ ክፍል የሚመጣ ታካሚ እያነከሰም ቢሆን በር ድረስ በራሱ ደርሷል። ተኝቶ የሚታከመው ግን ልቡም ሳምባውም ገና አልረጋም። ስለዚህ እጅ ጡንቻው ላይ ከማረፉ በፊት ካርዱ ይነበባል። ሌሊት ትኩሳት ነበረው? ሄሞግሎቢኑ ስንት ነው? ሐኪሙ በተቀደደው እግር ሙሉ በሙሉ እንዲረግጥ ፈቅዷል ወይስ ጣቱን ብቻ መሬት እንዲያስነካ? የሕመም ማስታገሻው ስንት ሰዓት ላይ ተሰጠ? ይኼ የመጨረሻው ጥያቄ መጽሐፍ ላይ ብዙም ጎልቶ አይታይም፤ የዋርድ ነርሶች ግን ያውቁታል። ማስታገሻው ከመሰጠቱ 10 ደቂቃ በፊት የገባ ፊዚዮቴራፒስት የሚሰማው ጩኸት ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የገባው ደግሞ እርምጃ ያያል። አዲስ ተመራቂ መጀመሪያ ሊወዳጃት የሚገባ ሰው ሲስተሯ ናት የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። በቋንቋችን መታመምና መተኛት አንድ ናቸው። «እገሌ ተኝቷል» ከተባለ ማንም ስለ እንቅልፍ አያስብም። ሆስፒታሉም «ተኝቶ ታካሚ» ብሎ ይመዘግባል። ሕመሙ ሲከፋ ሰውየው «የአልጋ ቁራኛ» ይሆናል። ቁራኛ በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበት ነበር፤ አንዱ ከተነሣ ሌላው አብሮ ይነሣል። ቃሉን ያወጣው ሰው አልጋ ጠባቂ ብቻ ሳይሆን ከሳሽም መሆኑን ያወቀ ይመስለኛል።

የአልጋን ክስ በቁጥር ካስቀመጡት ጥናቶች የማይረሳኝ በአሜሪካ ዳላስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራው ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። 5 ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለ3 ሳምንት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሡ ሰውነታቸው በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወርዶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች እነዚያኑ 5 ሰዎች ፈልገው እንደገና ለኳቸው። ሆዳቸው ገፍቷል። ይሁንና 30 ዓመት እርጅና የወሰደባቸው አቅም ያ የ3 ሳምንት አልጋ ከወሰደባቸው ያነሰ ነበር። በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጤነኛ አረጋውያንን ለ10 ቀን አስተኛ፤ ከእግሮቻቸው ብቻ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጡንቻ ጎደለ። ልብ በሉ፣ እነዚህ አንዳቸውም አልታመሙም ነበር። ስብራት፣ ትኩሳትና የምግብ ፍላጎት መጥፋት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ማሰብ አያቅትም።

መጀመሪያ የሚቀልጡት የባትና የጭን ጡንቻዎች ናቸው፤ ሥራቸው የሰውነትን ክብደት ተሸክሞ ማቆም ስለሆነ ክብደቱ ሲነሣላቸው ሥራ ይፈታሉ። በጀርባ የተኛ ሰው የሳምባው የታችኛው ክፍል በደንብ አይነፋም፤ አክታ እዚያ ይጠራቀምና የሳምባ ምች ይከተላል። በባት ውስጥ የቆመ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ ሳምባ ከደረሰ ሊገድል ይችላል። የአልጋ ቁስሉን አልዘረዝረውም፤ ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ይህን ያመኑት ዘግይተው ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሀርት አታክ) ያጋጠመው ሰው ለሳምንታት ሳይነቃነቅ መተኛት አለበት ተብሎ ይታመን ነበር፤ አንዳንዱ እንዲበላ እንኳ የሚያጎርሰው ሌላ ሰው ነበር። በቦስተን ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች 81 እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ከአልጋ አውርደው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ አስቀመጧቸውና ውጤቱን በ1952 አሳተሙ። የተፈራው እልቂት አልመጣም። ልብ በሉልኝ፣ መራመድ አይደለም፤ መቀመጥ ብቻ። በዚያው ዓመት ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ተመትታ ነበር። ቢዮርን ኢብሰን የተባለው የማደንዘዣ ሐኪም ባመጣው ሐሳብ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀመጡ መተንፈስ ላቃታቸው ሰዎች በእጃቸው አየር ይሰጡ ጀመር፤ የዛሬው ፅኑ ሕሙማን ክፍል ከዚያ ተወለደ። አንዱ ከተማ ሰውን ከአልጋ እያወረደ፣ ሌላው ከተማ አልጋ ላይ በሕይወት የማቆየትን ጥበብ እያገኘ ነበር። የእኛ ሥራ በሁለቱ መካከል ነው የሚውለው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

የጭን አጥንቱ የተሰበረ ወጣት ነበር፤ የሚኒባስ ረዳት። ቀዶ ጥገና ተራው እስኪደርስ እግሩ በትራክሽን ተወጥሮ ሳምንታት ተኝቷል። ድሮ ቢሆን አጥንቱ እስኪገጥም እንደተንጠለጠለ 6 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆይ ነበር። አሁን ግን ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በአገራችን ሆስፒታሎች «ሳይን» የሚባለው ሚስማር አለ። ሉዊስ ዘርክል የተባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም በ1999 ያቋቋሙት ድርጅት የሚያድለው ሲሆን፣ በቀዶ ጥገናው ጊዜ የራጅ ማሽን ሳያስፈልግ በአጥንቱ ቅልጥም ውስጥ ገብቶ ስብራቱን ያቆማል። ሚስማሩ የገባለት ሰው ቶሎ መነሣት ይችላል። እኔም ይህን አንብቤአለሁ፤ ቸኩያለሁ።

ሚስማሩ ከገባለት በኋላ ልጁን አስቀመጥኩት። ደስ ብሎታል፣ ይቀልዳል። «ደህና ነህ?» አልኩት። «ተመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ» አለ። አቆምኩት። «አዞረህ?» «ኧረ ምንም!» ከዚያ ዝም አለ። ከንፈሩ አመድ መሰለ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ዞረ፤ ሰውነቱ እንደ እርጥብ ጆንያ እላዬ ላይ ተደገፈ። ጎረቤት አልጋ ያለው አስታማሚ ዘሎ ባይደግፈኝ አብረን ወድቀን ነበር። አስተኝተን እግሩን ከፍ ስናደርግ ነቃ። ያለው የመጀመሪያ ቃል ምን ይመስላችኋል? «ደህና ነኝ።»

አንድ ሰው ከተኛበት ሲቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ላይ በአንገት ሥር ያሉ የግፊት ጠባቂዎች ወዲያው ለልብና ለደም ሥሮች ያሳውቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠብባል፣ ሰውየው ምንም ሳያውቅ ቡናውን ይጠጣል። ሳምንታት የተኛ ሰው ጠባቂዎች ግን ተዘናግተዋል፣ የደሙም መጠን ቀንሷል። ከተነሣ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የደም ግፊት በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ አደጋ ነው። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜም አልፌበታለሁ። ሆኖም ግፊት መለኪያው በሌላ ክፍል ስለነበር ሳልለካ «ደህና ነህ?» በሚል ጥያቄ ተካሁት።

ጋሼ አልተቆጡም። «አገርሽ የት ነው?» አሉኝ።

«እዚሁ።»

«ታዲያ በዚህ አገር ደህና ነህ ተብሎ ተጠይቆ ‹አይደለሁም› ያለ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እስከ ዛሬ የምሠራበት ትምህርት ይኼ ነው። «ደህና ነዎት?» ሰላምታ ነው፤ መልሱም ምስጋና ነው፤ የሰው ነፍስ ልትወጣ አንድ ሐሙስ ቀርቷትም ቢሆን «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል። መልሱ ጨዋነትን እንጂ የደም ግፊትን አይለካም። ስለዚህ ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። «ከመናኸሪያ ቤትዎ ለመድረስ በየት በኩል ነው?» እያወራ መንገዱን የሚነግረኝ ሰው ጭንቅላቱ ደም እየደረሰው ነው። ወሬው ሲያጥር፣ ቃላቱ ሲጎተቱ፣ ላብ ግንባሩ ላይ ሲወርድ ቁጥሩን ሳልጠብቅ አስቀምጣለሁ። ድካምን ከ6 እስከ 20 በቁጥር የሚያስመርጠው የቦርግ መለኪያ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ገበሬ ግን «ድካምዎ ስንት ነው?» ሲባሉ ከት ብለው ነው የሚስቁት። «ዳገቱን ወጥተው የሚያርፉበት ቦታ ላይ የደረሱ ይመስልዎታል ወይስ ገና ግማሹ ላይ ነዎት?» ስላቸው ግን በትክክል ይነግሩኛል። ከመጽሐፍ የመጣ ቁጥር ሁሉ እንዲህ አገሩን ማወቅ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ጣት ላይ የሚሰካው ኦክስጅን መለኪያ ጤነኛ ሰው ላይ እንኳ በባሕር ዳርቻ ከሚያሳየው ጥቂት ዝቅ ብሎ ያሳያል።

የአልጋው ጠርዝ ድንበር የሆነው ለዚህ ነው። በሽተኛው ከመቆሙ በፊት እግሩን አውርዶ እዚያ ይቀመጣል። ቁርጭምጭሚቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ባቱ ሲጨመቅ ደም ወደ ልብ ይገፋል። እኔ በዓይኑ ትይዩ እቀመጣለሁ እንጂ ከላይ አልቆምም። እናወራለን፤ ግፊት እለካለሁ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሥራ የፈታን ነው የምንመስለው። አንድ ጊዜ ራውንድ ላይ ያለ ሬዚደንት አልፎን ሲሄድ «ዛሬ ወሬ ብቻ ነው?» ብሎኛል። አዎ፣ ወሬ ነው።

የመነሣትን ጥቅም የተረዳ አዲስ ፊዚዮቴራፒስት ሁሉን ሰው ማስነሣት ያምረዋል። ማስረጃም አያጣም። በ2009 በአሜሪካ ሁለት ሆስፒታሎች በመተንፈሻ ማሽን ላይ የነበሩ 104 ሕሙማን ተጠንተው ነበር። ማደንዘዣው በየቀኑ እየተቋረጠ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ እንዲንቀሳቀሱ ከተደረጉት 59 በመቶው ከሆስፒታል ሲወጡ ራሳቸውን ችለው ነበር፤ ከሌሎቹ ግን 35 በመቶው ብቻ። እኔም ያን ሰሞን ጥናቱን ስልኬ ላይ ይዤ ነበር የምዞረው።

ከዚያ ሌሎቹን አነበብኩ። በ2015 የወጣው አቨርት የተባለው ጥናት 2,104 የስትሮክ ሕሙማንን አካቷል። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ቶሎና በብዛት ከተነሡት ውስጥ ከ3 ወር በኋላ ጥሩ ደረጃ ላይ የተገኙት 46 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ግን 50 በመቶው ነበሩ። በ2022 ደግሞ 750 የፅኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚዎች የተካተቱበት ጥናት ወጣ። ከተለመደው በላይ እንዲንቀሳቀሱ መደረጉ በሕይወት ከሆስፒታል ውጭ ያሳለፏቸውን ቀናት አልጨመረም፤ ከመንቀሳቀሱ ጋር የተያያዙ አደጋዎች ግን ከ4.1 ወደ 9.2 በመቶ ከፍ አሉ። ሁለቱንም ጥናቶች የመሩት ፊዚዮቴራፒስቶች ናቸው፤ ጁሊ በርንሃርትና ካሮል ሆጅሰን። የገዛ ሙያቸውን እምነት ለፈተና አቅርበው መልሱን ሳይደብቁ አወጡት። ከማንኛውም የምርቃት ንግግር ይልቅ በሙያዬ ያኮራኝ ይኼ ነው።

የአቨርት መረጃ ጠለቅ ተብሎ ሲታይ ደግሞ አጭርና ቶሎ ቶሎ መነሣት ከረጅም መቀመጥ የተሻለ ይመስላል። መነሣት እንግዲህ እንደ ኪኒን ነው፤ የሚወሰድበት ሰዓትና መጠን አለው። ፅኑ ሕሙማን ክፍል ገብቼ ገመድ ቆጥሬ፣ የደም ግፊቱን ደግፎ የሚይዘው መድኃኒት ከትናንት ጨምሮ ሳገኝ «ዛሬ አልተነሡም» ብዬ ከነምክንያቱ ካርዱ ላይ መጻፍ የለመድኩት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንዲያ መጻፍ የስንፍና ደረሰኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ፊዚዮቴራፒስት ብዙ ዋርድ ያዳርሳል፤ አንድ በሽተኛ ጋር በቀን 20 ደቂቃ ከቆየሁ ትልቅ ነገር ነው። የቀረውን ሰዓት ማን ነው ያለው? አስታማሚው። ስለዚህ እውነተኛው ታካሚዬ ብዙ ጊዜ አልጋው አጠገብ የቆመው ሰው ነው። ስትሮክ የመታውን ሰው ወደ ላይ ከፍ ለማድረግ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚይዘው የሰነፈውን ክንድ ነው። የትከሻ መጋጠሚያ ግን ትንሽ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንዳረፈ ትልቅ ሎሚ ነው፤ የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው። ጡንቻው ሲሰንፍ ክንዱን መሳብ ሎሚውን ማንሸራተት ነው፤ ከዚያ የሚመጣው የትከሻ ሕመም ከስትሮኩ በላይ ያስለቅሳል። ብብት ሥር በታጠፈ ነጠላ ወይም ትራስ ደግፉት፣ ከትከሻው አጥንት ጀርባ ያዙት ብዬ አሳያለሁ፤ ከዚያ ራሳቸው እንዲያሳዩኝ አደርጋለሁ። «ገባችሁ?» አልልም፤ መልሱ «አዎ» ነው።

የቤት ነገርም አለ። በኋላ በኩል ተቀድዶ ዳሌው ለተተካ ሰው መመሪያው ግልጽ ነው፦ ጭንህን ከ90 ዲግሪ በላይ አትጠፍ፣ እግርህን አታነባብር፣ ወደ ውስጥ አታዙር። ይህን መመሪያ የጻፈው ሰው በርጩማ አያውቅም። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት፣ ስግደት፣ ሶላት፣ ቡና የሚፈላበት ረከቦት፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ያለ መደብ፤ የአንድ ኢትዮጵያዊ አዛውንት ቀን ግማሹ ጭኑ ከ90 ዲግሪ በላይ ታጥፎ ነው የሚያልፈው። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ደግሞ በሁለት ክራንች ደረጃ መውጣት ይጠበቅበታል፤ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርድ የታመመው። ስለዚህ «ሽንት ቤታችሁ እንዴት ያለ ነው?» ብዬ ሳልጠይቅ ማንንም ወደ ቤት አልሸኝም። መጀመሪያ ጊዜ ሰዎች ይደነግጣሉ። ከዚያ አናጺ የሆነ ዘመድ ይገኛል፤ መሐሉ የተበሳ ወንበር ይሠራል።

የእኚያ አዛውንት ልጅ ያን ዕለት ጋቢውን የገለጠችው ጋሼ «እኛ አንነካቸውም፣ አንቺው አስቀምጫቸው፤ እኛ እናሳይሽ» ካሏት በኋላ ነው። አባቷን ትከሻቸውን ደግፋ፣ እግራቸውን እኔ ይዤ፣ ጠርዙ ላይ አደረስናቸው። ስለ ጤፍ ማሳቸው አወሩን። ሦስት ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ተመልሰው ተኙ። በማግሥቱ በዎከር ቆሙ። በሦስተኛው ቀን ኦክስጅኑም ድሬኑም ተነቅለው ነበር፤ እስከ መስኮቱ ወንበር ልናደርሳቸው ነው። ጋሼ የሉም፤ እኔና ልጅቱ ብቻ ነን። ግፊት ለካሁ፣ ጫማቸውን አጠለቅሁ፣ የግሉኮሱን ገመድ በእጄ ያዝኩ።

«ተዘጋጁ አባባ፣ በሦስት ነው የምንነሣው። አንድ፣ ሁለት…»

«ቆይ ቆይ!» አለች ልጅቱ። ጎንበስ ብላ ከአልጋው ማዶ የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት አነሣችና ወደ እኔ አዞረችው።

«ገመዱ ሁለት ነው። አንዱን ረስተሽዋል።»